ተኝተንም ሰዓት ይቆጠርብናል

አሁንስ በዛ! ቀኑን በሰዓት ስንሮጥ ውለን ስንተኛ ደግሞ ሰዓት ይቆጠርብን ጀመር። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲና ኡበር የምንነዳ፣ ፓርኪንግ የምንጠብቅ፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መኖሪያ ሌሊቱን ስንሠራ የምናድር ሐበሾች፣ ሲፓፕ የሚሉት መተንፈሻ ማሽን የታዘዘልን ጥቂት አይደለንም። ችግራችን ተመሳሳይ ነው፤ ስንገናኝም የምናወራው ስለዚሁ ነው።

ለዓመታት ስናንኮራፋ በሽታ ነው ያለን ሰው አልነበረም። «ደክሞት ነው፣ ተዉት ይተኛበት» ነበር የሚባለው። ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ሆኖ ቆየ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ነው ጉዱን የሰማነው። በእንቅልፍ ላይ የጉሮሮ ጡንቻ ሲላላ የአየር መንገዱ ይዘጋል፤ ትንፋሽ ለ10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰናል፤ እኛ ግን መንቃታችንን አናስታውስም። ይህ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ሲሆን ብርቱ ሕመም ይባላል። ደም ግፊት ያባብሳል፣ ልብ ይጎዳል፣ መሪ ላይ ያስተኛል። በመኪና እንጀራ ለሚበላ ሰው ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን አንጠላም። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ አየርን በማስክ በግፊት እያስገባ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድረውን ይህን ዘዴ ባያስተዋውቁ ኖሮ፣ ሕመሙ ለጠናበት ሰው የነበረው ዋና ሕክምና ጉሮሮን መብሳት ነበር። ባለውለታችን ናቸው። የመረረን አብሮት የመጣው ጣጣ ነው።

ጣጣው ከማስኩ ይጀምራል። አፍንጫ ቀዳዳ ላይ የሚቀመጥ አለ፣ አፍንጫን የሚሸፍን አለ፣ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚይዝ አለ። የትኛው ለማን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ የሚያሳየን ግን የለም። ካርቶኑ በፖስታ በር ላይ ይጣላል፣ «ቪዲዮውን ተመልከቱ» ይባላል፣ አለቀ። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ነው፤ እናትና አባቶቻችን ምን ይሁኑ? ስናጠብቀው የአፍንጫችንን አጥንት ይልጣል። ስናላላው ነፋሱ ያፈተልካል። በግራ ስንተኛ በቀኝ ያፏጫል፣ በቀኝ ስንተኛ ዓይናችን ውስጥ ይነፍሳል። ጢም ያለው በጢሙ በኩል ያፈስበታል፤ ሹሩባ የተሠራችው ማሰሪያውን የት እንደምታሳልፈው ይጨንቃታል። አፋችን ከተከፈተ ጉሮሯችን እንደ ኳንታ ደርቆ ያድራል። አየሩን ከዋጥነው ሆዳችን ተነፍቶ ይነጋል። ግፊቱ ከዝቅታ ተነሥቶ ቀስ እያለ እንዲጨምር የሚያደርግ ማስተካከያ በማሽኑ ላይ አለ፤ ይህንን በመጀመሪያው ቀን የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙዎቻችን ማስኩን በእኩለ ሌሊት ነቅለን ባልወረወርን ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ቆጠራው ነው። ማሽኑ ውስጥ መላኪያ አለ፤ ስንት ሰዓት እንደተጠቀምንበት በየቀኑ ያስተላልፋል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ደንብ፣ ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም የሚከተሉት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ከተከታታይ 30 ቀናት ቢያንስ በ70 በመቶው፣ ማለትም በ21ዱ፣ በያንዳንዱ 4 ሰዓት መጠቀም አለባችሁ ይላል። ካልሞላ ክፍያው ይቆማል፤ «ወይ መልሱ፣ ወይ ከኪሳችሁ ክፈሉ» ይመጣል። 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቢሆንም አልሞላም። እስቲ አስቡት! ፈተናው የተቀመጠው ገና መልመድ በሚያቅተን ወራት ነው። ማስኩ ያልገጠመን፣ ግፊቱ ያልተስተካከለልን፣ የሚያስተምረን ያጣን በእነዚያው ወራት ነው። ከዚህም በላይ መተኛት ያቃተውን ሰው «አልተኛህም» ብሎ መተኛውን መንጠቅ ምን የሚሉት ሥርዓት ነው?

ፈረቃው ለሚቀያየርበት ሰው ደግሞ ሌላ አበሳ አለ። ብዙዎቹ ማሽኖች አንዱን ቀን የሚቆጥሩት ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ቀን ነው። ሌሊት ለሚተኛ ይመቻል። የሌሊት ፈረቃ በጀመረበት ዕለት ሠርቶ አድሮ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተኝቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል የተነሣ ሰው ግን እንቅልፉ መሐል ላይ ይቆረጣል። 6 ሰዓት ተኩል ሙሉ ማስኩን አድርጎ ተኝቷል፤ ለዚያ ቀን የሚጻፍለት 3 ሰዓት ነው። ቀሪው ለማግሥቱ ይሄዳል። እሱ ግን «አልተጠቀምክም» የሚል ስልክ ይደወልለታል።

የአምልኮ ሌሊታችንስ? ማኅሌት የሚቆም መዘምር አለ። በፍልሰታ ሰዓታት የሚያደርስ አለ። በረመዳን ተራዊሕ አምሽቶ ለሱሁር የሚነሣ አለ። ወንድሙ አርፎበት ከለቅሶተኛ ጋር ተቀምጦ የሚያድር አለ። ማሽኑ የሚያውቀው ማስኩ አለመደረጉን ብቻ ነው። ከ30 ቀን 9 ቀን ነው የተፈቀደልን፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ጉንፋን ይመጣል፣ አፍንጫ ይደፈናል፣ ሕፃን ያለቅሳል።

ይህንን ሁሉ ችለው የለመዱትም ሰላም አላገኙም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ማሽኑን ከሚሠሩት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ፊሊፕስ የሚሊዮኖችን ማሽኖች መልሱ አለ፤ ድምፅ ለመቀነስ ውስጣቸው የገባው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ መተንፈሻው ሊገባ ይችላል ተባለ። ምትኩን ብዙ ሰው ለወራት ጠበቀ። መተው ያሰጋል፣ መጠቀምም ያሰጋል፤ መሐል ላይ ቀረ።

አገር ቤት ስንሄድስ? ማሽኑ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ በአሜሪካ ደንብ ከእጅ ሻንጣ ጋር አይቆጠርም፤ በአውሮፕላን መሳፈሪያው በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ግን ይህን ስለማያውቅ እየተከራከርን እንገባለን። እዚያ ስንደርስም፣ ማሽኑ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚሠራ ሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። መብራቱ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ነፋሱ ሲቆም ማስኩን እንዳደረግን ታፍነን እንነሣለን። ተጠባባቂ ባትሪ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ ኢንሹራንሱም አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልበትም። የማሽኑ አየር ማርጠቢያ የሚፈልገው ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ያንን ስንጠይቅ ለመኪና ባትሪ የሚሆነውን ያወጡልናል፤ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ስንጨምር ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይሠራል።

በቪዲዮ ስልክ ያየችን እናትማ ታለቅሳለች። «ልጄ በኦክስጅን ነው የሚተነፍሰው!» ብላ ጎረቤት ትሰበስባለች። ኦክስጅን አይደለም፤ የክፍሉ አየር ነው፣ በግፊት ይገባል፣ ጉሮሮን ከፍቶ ያድራል። ይህን ስናስረዳ ስንት ጊዜ አመሸን! «ጸበል ሂድ» ትለናለች፤ እንሄዳለን፤ እባክሽ እማዬ፣ ማሽኑንም አታስጥይን እንላታለን።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። ማሽን የምታድሉን ሰዎች፣ ካርቶኑን በር ላይ ከምትጥሉ አንድ ሰዓት ተቀመጡና ማስኩን ፊታችን ላይ ልኩልን፤ በቋንቋችን የሚያስረዳ ሰው ጥሩልን። ኢንሹራንሶች፣ መቁጠሩን ማስኩ ከገጠመን በኋላ ጀምሩት፤ የሌሊት ሠራተኛንም በሌሊት ተኚ ሰዓት አትመዝኑት።

እናንተም እንደኛ የተማረራችሁ፣ ማሽኑን አልጋ ሥር አትክተቱት። ብዙ አቅራቢዎች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ማስክ ያለ ክፍያ ይቀይራሉ፤ ቀኑ ሳያልፍ ደውሉና ሌላ ዓይነት ጠይቁ።