በጣም እስማማለሁ

እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ የተከበርኩ ሰው ነኝ። ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለው ባንካችን «ምክትል ፕሬዚዳንት» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት በር ጀርባ እቀመጣለሁ። ስናገር ማስታወሻ ይያዛል፤ ስቀልድ ይሳቃል፤ ቀልዱን ሳልጨርስ የሚስቁም አሉ። አሥራ አንድ ተኩል ሲል ግን ሜክሲኮ አደባባይን አቋርጬ ክፍል እገባለሁ። እዚያ ስናገር የሚጽፍ የለም። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

የምማረው ዲቢኤ የሚሉትን ነው፤ ሥራውን መልቀቅ ለማይፈልግ አለቃ የተዘጋጀ፣ ማታ ማታና ቅዳሜን የሚበላ የቢዝነስ ዶክትሬት። የፒኤችዲ ተማሪ ንድፈ ሐሳብ ሲፈልግ፣ እኛ የየመሥሪያ ቤታችንን ችግር በምርምር እንፈታለን ተብሏል። አንዱ የክፍላችን ሰው ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ዲቢኤውን ወደ ፒኤችዲ መቀየሩን አንብቦ በቴሌግራም ግሩፓችን ለጠፈው። የዚያን ዕለት ማታ ስታቲስቲክስ የገባው ሰው አልነበረም።

ሠፈሩ ለዚህ ዓይነቱ የማታ ትምህርት ሕመም ይመቻል። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኮሜርስ ትምህርት ቤት ለአገሩ የሒሳብ ሰው ሲያወጣ የኖረው እዚሁ ነው። አሁን ደግሞ የንግድ ባንክ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ከላይ ቁልቁል ያየናል፤ የግል ባንኮቹና ኢንሹራንሶቹም በየአቅማቸው ተንጠራርተው ዙሪያውን ቆመዋል። ሲመሽ ከነዚህ ሕንፃዎች ከሚወጣው ሰው የሚበዛው ለጀሞና ለአየር ጤና ታክሲ ይሰለፋል፤ የቀረው ላፕቶፑን አንጠልጥሎ እንደኔ ማታ ክፍል ይገባል።

አማካሪዬ ከመጀመሪያ ልጄ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ጨዋ ነው፤ አንቱታውን አጉድሎብኝ አያውቅም። «ምዕራፍ ሁለትን እንደገና ቢጽፉት ምን ይመስልዎታል?» ይለኛል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ኅዳጉ ላይ በቀይ የሚጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይሉኝታ የለበትም፦ «ሶ ዋት?» ይላል። አንድ ጊዜ የሃያ ዓመት የባንክ ልምዴን ጨምቄ በአንድ አንቀጽ አስቀመጥኩለት። «ምንጩ የት አለ?» አለኝ።

«ምንጩ እኔ ነኝ።»

«ታትመዋል?»

ቅኔው የተበላሸበት የቆሎ ተማሪ የኔታ ፊት እንዴት እንደሚቆም የገባኝ ያኔ ነው፤ እሱ እንኳ የሰሚስተር ክፍያ የለበትም።

ከክፍላችን ሁሉ ደስተኛ የነበረው አንድ የኢንሹራንስ ምክትል ሥራ አስፈጻሚ ነው። ርእሱ «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ሲሆን፣ የአገራችን የመመረቂያ ጽሑፍ ወጉ ስለሆነ «በእገሌ መሥሪያ ቤት» የሚል ጅራት ተቀጥሎለታል። እገሌ መሥሪያ ቤት የራሱ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚጠናው መሪም ራሱ ነው። መጠይቁን ያሳደለው በራሱ ጸሐፊ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ «ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም» ይላል፤ ጸሐፊዋ ደግሞ የሞላውን ሰው ከስም ዝርዝሯ ላይ ምልክት እያደረገች ሰበሰበች።

ሁለት መቶ ተበትኖ ሁለት መቶ ተመለሰ። መጠይቅ በትኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ተአምር መሆኑን ያውቃል። «አለቃዬ ሐሳቤን ያዳምጣል»፦ በጣም እስማማለሁ። «አለቃዬ ራዕይ አለው»፦ በጣም እስማማለሁ። ሰው እያነበበ መሙላቱን ለማረጋገጥ የተሰነቀረችው «አለቃዬ ችግር ሲመጣ ይሰወራል» የምትለዋም፦ በጣም እስማማለሁ። አደባባያችን ስሙን የወረሰው ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዙን አልቀበልም ካለችው ሜክሲኮ ነው፤ አብዛኛው ዓለም አንገቱን ሲደፋ «በፍጹም አልስማማም» ላይ ምልክት ያደረገች አገር። ከአደባባዩ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ሁለት መቶ ሰው ተሰብስቦ አንድ ሜክሲኮ ጠፋ!

ይህ ሁሉ መልስ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው እኛ ሁላችን ደንበኛ በሆንበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በሩ ላይ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን፣ ኤስፒኤስኤስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚያ የምትሠራው ልጅ በአንድ እጇ ሳምቡሳ ይዛ በሌላው ትተይባለች። ለኢንሹራንሱ ሰው የናሙናውን ቁጥር የወሰነችለትም እሷ ናት። «ሠራተኛው ስንት ነው፣ ጋሼ?» አለችው። አራት መቶ መሆኑን ሲነግራት ካልኩሌተር እንኳ አላነሳችም፤ «በያማኔ ቀመር ሁለት መቶ ይበቃዎታል።» አራት መቶን፣ አንድ ሲደመር አራት መቶ ሲባዛ በ0.0025 ለሚሆነው ስታካፍሉ ይኸው ነው። ይህችን ልጅ ሪስክ ክፍል ብቀጥራት ብዬ አስቤ ነበር፤ ገቢዋን ስሰማ ተውኩት።

መልሶቹን አስገብታ ዝምድናቸውን አስልልኝ ስትለው ፕሮግራሙ እንቢ አለ። መልሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ የሚሰላ ነገር የለም። ልጅቷ ስክሪኑን አየት አድርጋ «ይሄ አለቃው ያስሞላው ነው» አለች። የመጠይቁ ባለቤት አጠገቧ ቆሟል። እሱ ግን አልከፋውም። «ያው እንግዲህ፣ ሠራተኞቼ እንዲህ ናቸው» አለን፣ እየኮራ።

እኔ እንኳ ብልጥ ነኝ ብዬ ሰው የማይጠየቅበት ርእስ መረጥኩ፦ «የውጭ ምንዛሪ እጥረት በግል ባንኮች ትርፋማነት ላይ ያለው ተጽዕኖ»። ሦስት ምዕራፍ ጽፌ፣ ከብዙ «ሶ ዋት» ተርፌ፣ ልረጋጋ ስል ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያው ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ፤ ቆይቶም መቶን ተሻገረ። ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) የከፈቱ አስመጪዎች ጠዋቱን ሙሉ ስልኬን አጋሉት። እኔም እያጽናናኋቸው በልቤ የማስበው ምዕራፍ አንድን ነበር። «ተመኑ በመንግሥት የሚወሰን ነው» ብዬ ጀምሬ፣ በየገጹ «ነው» እያልኩ የመጣሁት ሁሉ በአንድ ጠዋት «ነበር» ሆነ።

አማካሪዬ ዘንድ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ሄድኩ። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ አለዎት! ከለውጡ በፊትና በኋላ ብለው ያወዳድራሉ። የሁለት ዓመት ሪፖርት እንጠብቅና እንጨርሳለን።» እንጠብቅ ያለው ለጨዋነቱ ነው፤ እየከፈልኩ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሁለት ዓመት መባሉን ስትሰማ ምንም አልተናገረችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚኖሩ ሰርጎች ሁሉ ከእህቷ ጋር ቀጠሮ ያዘች።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ችግሬን ዘረገፍኩት። ልጅቷ ሳምቡሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ያው ባንክ በፊትና በኋላ? ፔርድ ቲ-ቴስት ነዋ! እኔ አለሁልዎ፣ ጋሼ። ዳታውን ብቻ ከኦዲት ሪፖርት ያምጡልኝ፤ ሠራተኞችዎን አደራ እንዳይጠይቋቸው» አለችኝና ከኋላዬ ወደ ቆመው ባለ ክራባት ዞረች። «እርስዎስ፣ ሠራተኛው ስንት ነው?»