ዐሥራ ሁለቱ እና ሌሎቹ 99 ሚሊዮን፦ ንጽጽራዊ ጥናት

የብሪታንያ የባቡርና የመንገድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ አንድ ሰንጠረዥ ያወጣል። በሰንጠረዡ ላይ ከ2,500 በላይ የባቡር ጣቢያዎች በመንገደኛ ብዛት እንደ ክፍል ተማሪ በደረጃ ተሰልፈው ይገኛሉ። ጋዜጦቹ አንደኛ የወጣውን በአንድ መስመር አልፈው ወደ ውራው ይሮጣሉ። ይህ ጥናትም የሚመለከተው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው። መሀል ላይ ስላሉት የሚያጠና ሌላ ሰው ቢገኝ ተቃውሞ የለንም፤ እስካሁን ግን አልተገኘም።

ለናሙናነት የተመረጠው ከኤፕሪል 2015 እስከ ማርች 2016 ያለው ዓመት ነው (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምርጫው በዘፈቀደ አልተደረገም። በዚያ ዓመት ልዩነቱ ልክ ያጣ ስለነበር ነው የተመረጠው፤ ተመራማሪ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱን የሚያውቀውን ናሙና ይወዳል።

በዚያ ዓመት የለንደኑ ዋተርሉ 99.1 ሚሊዮን መንገደኛ አስተናገደ። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በካምብሪጅሸር ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የሚገኘው ሺፒያ ሂል ደግሞ 12። ማተሚያ ቤቱ «ሺህ» የሚል ቃል ዘልሎ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ባዶውን ሲቀመጥ ስለማይጨበጥ ተሰልቷል። ዋተርሉ ሌሊቱም ተጨምሮ በአማካይ በየሰከንዱ ከ3 ሰው በላይ ያስገባ ወይም ያስወጣ ነበር። ሺፒያ ሂል ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ሥራ እንግዲህ ዋተርሉ ላይ 4 ሰከንድ አይሞላም። ሺፒያ ሂል በበኩሉ የዋተርሉን የአንድ ዓመት ቁጥር ልድረስበት ካለ፣ በያዘው ፍጥነት 8 ሚሊዮን 258 ሺህ ዓመት ገደማ መታገሥ አለበት። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ በሕይወት ሳለች፣ የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ትኬት መቁረጥ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ እንኳ እስካሁን ግማሹን አይደርስም ነበር። እርግጥ ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትሄድ ስለነበር ባቡር ያስፈልጋት እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ወደ ስልቱ እንለፍ። መንገደኛው የሚቆጠረው በር ላይ ቆሞ ጣቱን በሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ ግምቱ በዋናነት ከትኬት ሽያጭ የሚወጣ ነው። በዚህ ምክንያት ትኬት ቆርጦ ቤቱ የተኛ ሰው መንገደኛ ሲሆን፣ ሳይቆርጥ የተሳፈረ ግን አልሄደም። ሌላም ጉዳይ አለ። መግባትና መውጣት ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ሄዶ የተመለሰ አንድ ሰው ሁለት ነው። ስለዚህ 12ቱ መንገደኞች 6 ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያም አልፎ አንድ ሰው ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ይህኛው መላምት እውነት ከሆነ ብሪታንያ ሳታውቀው ለአንድ ዜጋዋ የግል ጣቢያ ይዛለታለች ማለት ነው።

ደርሶ መልሱ ግን ራሱ ችግር አለበት። በሥራ ቀን ሺፒያ ሂል ላይ ጠዋት ወደ ኖሪች የሚሄድ አንድ ባቡር ይቆማል፤ በዚያው ቀን የሚመልስ የለም። ያም የሚቆመው መንገደኛው መድረኩ ላይ ሆኖ እጁን ከዘረጋለት ነው። መውረድ የሚፈልግም አስቀድሞ ለባቡሩ ሠራተኛ መናገር አለበት። የአዲስ አበባ አንባቢ አሠራሩን በደንብ ያውቀዋል፤ «ወራጅ አለ!» የሚባለው ነው። ሺፒያ ሂል ላይ የጎደለው ወራጁ ብቻ ነው።

ጣቢያው በ1845 ሲከፈት ስሙ ሚልደንሆል ሮድ ነበር። ሚልደንሆል የምትባለው ከተማ ከዚያ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ኋላ በርንት ፌን ተባለ፤ ከዚያ ደግሞ አሁን ያለውን ስም ያዘ። ይህን የምናነሣው ስም በቀየሩ ቁጥር አገልግሎታቸው የሚሻሻል ለሚመስላቸው መሥሪያ ቤቶች ይጠቅማል በሚል ነው። ሦስት ስም፣ 12 ሰው።

እዚህ ላይ ጠያቂ አንባቢ «ታዲያ ለምን አይዘጉትም?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያሉትን ለመዝጋት ሞክረው ነበር። በ1963 ሪቻርድ ቢቺንግ የሚባሉ የባቡር ኃላፊ ከ2,000 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ የሚመክር ሪፖርት አቀረቡ፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። ሕዝቡ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳም፣ ይቅርም አላለም። ዛሬ አንድ ጣቢያ መዝጋት ሲፈለግ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፣ ተቃውሞ ይሰማል፣ ወረቀት ይከመራል። በሳምንት አንድ ባቡር ላፍታ ማቆም ግን ወረቀት አይፈልግም። በዚህ የተነሣ ማንንም ላለመጫን በሰዓቱ የሚነሡ ባቡሮች ተፈጠሩ። የሚጠሩትም «የፓርላማ ባቡር» ተብለው ነው። ስሙ የመጣው ድኻው በአንድ ማይል አንድ ፔኒ ከፍሎ እንዲሄድ፣ ኩባንያዎች በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር እንዲያሰማሩ ካስገደደው የ1844 ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው ለሰው ነበር፤ ዛሬ ባቡሩ የሚሄደው ለሕጉ ነው።

ለዚህ ማንቸስተር አጠገብ ያለው ዴንተን ጥሩ ማሳያ ነው። እስከ 2018 ድረስ ባቡር የሚቆምበት በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። የዴንተን ሰው ወደ ስታሊብሪጅ በባቡር መሄድ ይችል ነበር፤ በባቡር ወደ ቤቱ መመለስ ግን ሕጉ ላይ አልተጻፈም ነበር። ኋላ ቀኑ ቅዳሜ ሆነና የመመለሻውም ተጨመረ። ጣቢያው የወዳጆች ማኅበር አለው፤ አበባ ይተክሉለታል። ለዋተርሉ አበባ ሲተክል የታየ ማኅበር በዚህ ጥናት አልተገኘም።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ደርሰናል። የ12ቱ ሰው ሰንጠረዥ በዲሴምበር 2016 ወጣ፤ ሺፒያ ሂልም ከአገሪቱ ሁሉ ጭር ያለ ጣቢያ ተብሎ ስሙ በየጋዜጣው ናኘ። በዚያው ወር፣ በገና ዋዜማ፣ በቴሌቪዥን የኬክ ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ የነበረው ኢያን ከሚንግ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ለ16 መንገደኞች ሚንስ ፓይ የሚሉትን የገና ኬካቸውን አደለ። በአንድ ቀን የተገኘው ሰው ካለፈው ዓመት ሙሉ በለጠ ማለት ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ሺፒያ ሂል 156 መንገደኛ አስመዘገበ። ዕድገቱ 1,200 ከመቶ ነው። የዋተርሉ በዚያው ዓመት አንድ ከመቶም አልሞላ። የዕድገት መጣኔ እያየ የሚመክር ባለሙያ ቢጠየቅ ገንዘባችንን የት እንድናፈስ እንደሚነግረን ግልጽ ነው።

ነገሩ ተአምር የለበትም። ሁለት ጓደኛሞች ወርደው፣ ከስም ሰሌዳው ሥር ፎቶ ተነሥተው፣ ቅዳሜ ዕለት ተመልሰው ቢሳፈሩ 4 ሆነው ይቆጠራሉ፤ ይህም የ12 ሲሶ ነው። ጭር ያለውን ቦታ ለማየት የሚሄድ ሰው ጭርታውን ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ ውራነት ከታወቀ በኋላ ማቆየት አይቻልም። ማቆየት የሚቻለው ከመጨረሻ ሁለተኛ መሆንን ነው፤ እሱን ማንም አይጠይቀውም።

በርኒ አርምስም በዚሁ መንገድ አለፈ። ኖርፎክ ረግረግ ውስጥ ያለ፣ የመኪና መንገድ የማይደርስበት፣ በእግር፣ በጀልባ ወይም በባቡር ብቻ የሚገባበት ጣቢያ ነው። እስከ ማርች 2020 ባለው ዓመት በ42 መንገደኛ ውራ ወጣ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። ሰው ከቤት እንዳይወጣ ሲታዘዝ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ባዷቸውን ቀሩ፤ ዋተርሉ ዙፋኑን አጣ፤ ምሥራቅ ለንደን ያለው ስትራትፎርድ በ14 ሚሊዮን ብቻ አንደኛ ሆነ። በርኒ አርምስ ግን 348 ሰው አስተናገደ። አገሩ ሁሉ ከሰው ሲሸሽ መሸሻው ሰው በዛበት።

ፉክክሩ በጥቅሉ ጠንክሯል። በ12 ሰው ይገኝ የነበረው የመጨረሻ ደረጃ በ2018-19 የተገኘው በ46፣ በ2023-24 ደግሞ በ54 ሆኗል። የኋለኛውን የያዘው ባለአበባው ዴንተን ነው። በዚያው ዓመት የሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ፣ የኤሊዛቤት መስመር ከተከፈተለት ወዲህ፣ 94.5 ሚሊዮን ይዞ ከላይ ተቀምጦ ነበር። ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ከዚህ አካሄድ ያፈነገጠ አንድ ጣቢያ አለ፤ ቲሳይድ ኤርፖርት። በ1971 የአውሮፕላን ተጓዦችን ለማገልገል ተከፈተ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሕንፃ ግን ሻንጣ ይዞ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በመጨረሻው ዘመኑ ባቡር ይቆምበት የነበረው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ በአንድ አቅጣጫ ነበር። በሜይ 2022 እሱም ቀረ። የ2022-23 ሰንጠረዥ ሲወጣ ጣቢያው 2 መንገደኛ ተመዝግቦለት ተገኘ።

ዓመቱ የሚጀምረው ኤፕሪል ላይ ስለሆነ ሁለቱ ባቡሩ ከመቅረቱ በፊት ደርሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ገብቶ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከአንዱ እሑድ ባቡር ወርዶ የሚቀጥለውን እሑድ ባቡር እዚያው ጠብቋል ማለት ነው፤ ያም ቢመጣ ወደፊት ይወስደዋል እንጂ አይመልሰውም። ሁለት ሰዎች ወርደው ከሆነ ደግሞ በባቡር እንዳልወጡ ከራሱ ከሰንጠረዡ መረዳት ይቻላል። ያላቸው ምርጫ ሻንጣቸውን ይዘው ሩብ ሰዓት መሄድና በአውሮፕላን መብረር ነው። ጣቢያውም የተሠራው ለዚሁ ነበር።