የባሕሩ አጥር

በድሮ ዘመን በጣና ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ባሕሩ በሚገቡበት ረግረግ ጉማሬና ሳቢሳ የሚባሉ አብሮ አደጎች ይኖሩ ነበር።

ሳቢሳ ላባዋ ገና ሳይጠና አንድ የሐምሌ ሌሊት ነፋስ ከጎጆዋ ጣላት። ደንገሉ መሐል ስትንፈራገጥ አንድ የጉማሬ ግልገል ደረሰና ጀርባውን ሰጣት። ከዚያ ወዲያ የሳቢሳ መቆሚያ ያ ጀርባ ሆነ። እሱ ጭቃውን እየረገጠ ሲሄድ ቀረሶና አምባዛ ደንግጠው ይወጣሉ፤ እሷም ትለቅማለች። እሷ ደግሞ አንገቷ ረጅም ነውና ጦር የያዘ አዳኝ በደንገሉ ሲያደባ አስቀድማ ታየዋለች፤ «ቃእ!» ስትል እሱ ይሰምጣል። ግራ ጆሮውን በጥፍሯ ነካ ካደረገችው ወደ ግራ፣ ቀኙን ከነካችው ወደ ቀኝ ይዞራል። የባሕር ዳር እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ «እንደ ጉማሬና እንደ ሳቢሳ ያድርጋችሁ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ አራዊቱ ሁሉ ዳር ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ሳቢሳ ከወትሮው አጥብቃ ጮኸች። ጉማሬም ከወትሮው ፈጥኖ ሰመጠ። ሳቢሳ ለመብረር ጊዜ አላገኘችምና በግንባሯ ውኃው ላይ ተደፋች። ዳር የነበሩት በሙሉ ሳቁ። እሷም ላባዋን እያራገፈች ወጥታ ወደ ሾላው ዛፍ በረረች። ጉማሬ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ቢያይ አዳኝ የለም፤ የሚሰማው ሳቅ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሳቢሳ ሾላው ላይ ሆና «በአገር ፊት የጣለኝ እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ» ብላ ጠበቀች። ጉማሬም ውኃው ውስጥ ሆኖ «አዳኝ ሳይኖር ጮኻ ያሳቀችብኝ እሷ ናት፤ እሷ ትምጣ» ብሎ ጠበቀ። ሲጠባበቁ ሳምንት ሞላ።

በስምንተኛው ቀን ቁራ መጣ። «ጋሼ ጉማሬ፣ ለእትዬ ሳቢሳ የሚነገር ነገር ካለ ክንፍ አለኝ» አለ። ጉማሬ ጥቂት አሰበና «ደኅና ናት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለው። ቁራ ሾላው ላይ ሲደርስ «ጋሼ ጉማሬ እስካሁን ደኅና መሆንዎ ገርሟቸዋል» አለ። ሳቢሳ አንገቷን ሰበረች። «ላባዬ ደርቋል፣ ደኅና ነኝ በለው» አለች። ቁራ ተመልሶ «በመካከላችን የነበረው ሁሉ ደርቋል ብለዋል» አለ። ለአንድ መልእክት አንድ ቀረሶ ይከፈለው ነበር። መልእክቱ መራራ ሲሆን መልሱ ይረዝማል፤ መልሱ ሲረዝም ቀረሶው ሁለት ይሆናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሁለቱም የሰሙትን አመኑ። ቁራም ወፈረ።

ዓመቱ ሳይሞላ ነገሩ ከሁለቱ እጅ ወጣ። አራዊቱ በሾላው ሥር ተሰብስበው ቀበሮን ሰብሳቢ አደረጉና እያንዳንዱ ወገኑን እንዲያስመዘግብ ወሰኑ። ከርብ በኩል ያለው የሳቢሳ ወገን፣ ከጉማራ በኩል ያለው የጉማሬ ወገን ተባለ። እንቁራሪቶች መዝጋቢ ሆኑ። ሁሉም በየተራው ተመዘገበ፤ ነጭ ዓሣ ዘንድ ሲደርሱ ግን ችግር መጣ።

«የት ተወለድህ?» አሉት።

«እናቴ በክረምት ጉማራን ሽቅብ ወጥታ ጠጠሩ ላይ ጣለችኝ» አለ።

«የት አደግህ?»

«በርብ በኩል።»

እንቁራሪቶቹ ሦስት ቀን መከሩ። በአራተኛው ቀን ነጭ ዓሣ ራሱን በአንደኛው፣ ጅራቱን በሌላኛው ወገን አድርጎ እንዲኖር ተፈቀደለት። ነጭ ዓሣም ፈቃዱን ተቀብሎ ባለበት ቆመ።

ግን ራሱ የሚያበቃበትና ጅራቱ የሚጀምርበት ቦታ እንዲታወቅ ድንበር ያስፈልጋል ተባለ። ከሁለቱ ወንዞች መካከል ተነሥቶ ወደ ደቅ ደሴት የሚሄድ መስመር እንዲሰመር ታዘዘ። ጉሬዛ ረጅም እንጨት ይዞ በታንኳ ገባና ውኃውን እየሰነጠቀ አሰመረ። ዞር ብሎ ሲያይ መስመሩ የለም። እንደገና አሰመረ፤ እንደገና ጠፋ። ስለዚህ ቀን የሚያሰምሩ ሃያ፣ ሌሊት የሚያሰምሩ ሃያ ጉሬዛዎች ተቀጠሩ። ቀለባቸው ከሁለቱም ወገን ይዋጣ ነበር።

ቀጥሎ ማዕበል አስቸገረ። ማዕበል ከአንዱ ወገን ተነሥቶ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ሌላው ይሻገራል። እንቁራሪቶች በመስመሩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የተሻገረውን ማዕበል ሁሉ ይመዘግቡ ጀመር። ማታ ማታ ቁራ ቁጥሩን እየያዘ «ጋሼ ጉማሬ፣ ዛሬ ይህን ያህል ማዕበል ላኩብዎ»፣ «እትዬ ሳቢሳ፣ ዛሬ ይህን ያህል ማዕበል ላኩብዎ» ይል ነበር። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ የጠየቀ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ከሩቅ አገር አንዲት ዳክዬ መጣች። እግሯ ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ተጣብቆ ነበር፤ ቅጠሉ ወይን ጠጅ አበባ አለው። ቀበሮ አይቶ ወደደው። «ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«በውኃ ላይ ተንሳፎ የሚበቅል ነው» አለች።

«እንግዲያስ አጥር ይሆነናል» አለ ቀበሮ።

ቅጠሉን በመስመሩ ላይ ተከሉት። እውነትም አማረ። ጉሬዛዎቹ እንጨታቸውን ጣሉ። አበባው የፈካበት ዕለት በዓል ተደርጎ በሁለቱም ወገን ተዘፈነ፤ እያንዳንዱ ወገን «በእኛ በኩል ያለው ይበልጥ ያምራል» አለ።

እማማ ኤሊ ብቻ በድንጋይዋ ላይ ሆና «ይህን ነገር በሌላ ባሕር አውቀዋለሁ፤ እምቦጭ ይሉታል። ብትቆርጡት ቁራጩ ይበቅላል፤ ብትነቅሉት ፍሬው ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ይተኛል» አለች። እንቁራሪቶች «የየትኛው ወገን ነሽ?» አሏት። ኤሊ ያልተመዘገበች ነበረችና ቃሏ ሳይጻፍ ቀረ።

አጥሩ ወፈረ። አንድ ምንጣፍ የነበረው በ15 ቀን ሁለት፣ በወሩ አራት ምንጣፍ ሆነ። ወደ ጉማራ በኩል ሲሰፋ የጉማሬ ወገን «ድንበራችንን ገፉ» ብሎ ከወዲህ ሌላ አጥር ተከለ። ወደ ርብ በኩል ሲሰፋ የሳቢሳ ወገንም እንደዚያው አደረገ። ሁለቱ አዳዲስ አጥሮች አድገው ከአሮጌው ጋር ተገናኙ። ከሥሩ ያለው ውኃ ጨለመ። ቀረሶ ትንፋሽ አጥሮት አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይሞት ጀመር። ታንኳዎች በመንገድ ቀሩ። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣዎች ለመራባት ወደ ወንዞቹ ቢመጡ የወንዞቹ አፍ ተዘግቶ አገኙት።

አራዊቱ እንደገና ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ቀበሮ ተነሥቶ «ወገኖቼ፣ ባሕራችን አለመኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ተመልከቱ፤ በምትኩ ሜዳ አግኝተናል» አለ። ሁሉም ቢያዩ እውነትም እስከ ዐይን ዳርቻ አረንጓዴ ሜዳ ነው። ጦጣ ገመድ ይዞ ሜዳውን በጋሻ እየለካ አከፋፈለ። የመጀመሪያውን ጋሻ የገዛው ከርከሮ ነበር። ርስቱን ሊያይ አራት እርምጃ ሄደና እስከ አንገቱ ገባ። ጎትተው ሲያወጡት እንቁራሪቶቹ የገባበትን ጥልቀት ለክተው የጉድጓድ ግብር ጣሉበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰባት ዓመት አለፈ። ጉማሬና ሳቢሳ አረጁ። ከሁለቱ አንዱም አጥሩን ያዘዘ አልነበረም፤ ሁለቱም አጥሩን ያዘዘው ሌላው ይመስላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ሳቢሳ ርቧት በእምቦጩ ላይ እየተራመደች ቀዳዳ ትፈልግ ነበር። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸውና ቅጠሉ ይሸከማታል። ድንገት ከእግሯ ሥር ቅጠሉ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል አየች። ዝቅ ብላ ብታዳምጥ ከታች እንፍ እንፍ የሚል ትንፋሽ አለ። የጉማሬ ግልገል ነበር፤ ምግብ ፍለጋ ሲዋኝ ከእምቦጩ ሥር ገብቶ መውጫ አጥቷል። ሳቢሳ በመንቆሯ ቅጠሉን ጎተተች፤ አልበገር አላት። ትንፋሹ እየሳሳ ሄደ። ያን ጊዜ አንገቷን ዘርግታ «ቃእ!» አለች።

ጉማሬ ከሩቅ ሰማ። ወገኑንም፣ መስመሩንም፣ የተመዘገበውንም ማዕበል አላስታወሰም፤ ሰመጠ። በጭለማው ውኃ በድምፁ አቅጣጫ ሄዶ በጀርባው እምቦጩን በርግዶ ወጣ። ግልገሉም ከጎኑ ብቅ ብሎ አየር ሳበ። ሳቢሳ ግን በቅጠሉ መሐል ተገልብጣ ተደፋች።

በዚህ ጊዜ የሚስቅ አልነበረም። ሁለቱ ተያዩ።

«ዛሬም ጣልኸኝ» አለች።

«ዛሬም ጮኽሽ» አላት።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጉማሬ «የዚያን ቀን ለምን ጮኽሽ?» አላት። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት አልነበረም።

«ጦር የያዘ አዳኝ ነበራ! ከሾላው ኋላ ቆሞ ክንዱን አንሥቶ ነበር። ስትሰምጥ ጊዜ ሄደ።»

ጉማሬ ጆሮውን አርገበገበ። «ብቅ ብዬ ባይ ማንም የለም። ልታስቂብኝ የጮኽሽ መሰለኝ።»

«እኔስ፣ ሌላ ጊዜ ቀስ ብለህ ትሰምጥ አልነበር? ያን ቀን ልትጥለኝ ያሰብህ መሰለኝ።»

«እንደዚያ ጮኸሽ አታውቂማ፤ ደነገጥሁ» አለ። ጥቂት ቆይቶም «መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ።

«እኔም ሾላው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሩቅ አይደለም» አለች ሳቢሳ።

ጀርባውን አቀረበላት፤ ወጣች። ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ቆዳው ሰባት ዓመት የወፍ እግር አልነካውም ነበርና ጥፍሯ ባረፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ እሷም የት እንደምትቆም ረስታ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተች። ግራ ጆሮውን ስትነካው ወደ ቀኝ ዞረ። «ግራ ነው ያልሁህ» አለችው። «ቆይ፣ ይመጣልኛል» አላት። ከሰዓት በኋላ መጣለት።

በማግሥቱ ሥራ ጀመሩ። እሷ ከላይ ሆና እምቦጩ የሳሳበትን ታሳያለች፤ እሱ በዚያ ገብቶ በጥርሱ እየነቀለ ይጎትታል። የመጀመሪያ ቀን የነቀሉትን ውኃው ዳር ተዉትና ሌሊት ተመልሶ ተንሳፈፈ። ወደ እማማ ኤሊ ሄደው ጠየቋት። «አርቃችሁ ደረቅ መሬት ላይ አውጡት፤ ፀሐይ እስከ ሥሩ ይግባበት» አለቻቸው። እንደዚያ አደረጉ። ግልገሉ መጣ፤ ሌሎች ግልገሎች ተከተሉት። ሳቢሳዎችም ከርብ በኩል መጡ። ከርከሮም ርስቱን ራሱ ነቀለ።

እንቁራሪቶቹ ሮጠው መጡ። «የተነቀለው የየትኛው ወገን አጥር ነው? መዝገቡ ይታይ!» አሉ። መዝገቡ የተጻፈው በእምቦጩ ቅጠል ላይ ነበር፤ ሲፈልጉት ዳር ወጥቶ ከሌላው ጋር ደርቋል።

በክረምቱ የጉማራ አፍ ተከፈተ። ነጭ ዓሣም ከቆመበት ተነሥቶ ራሱንም ጅራቱንም ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

ባሕሩ ሁሉ አልጸዳም። ፍሬው ጭቃ ውስጥ አለና ሁለቱ አብሮ አደጎች በየማለዳው ዳርቻውን እየዞሩ አዲስ የበቀለውን ይነቅላሉ። አንድ ማለዳ በሥራ ላይ ሳሉ ቁራ መጣና ከደንገሉ ጫፍ ላይ ዐረፈ። ክንፉን አስተካክሎ «እትዬ ሳቢሳ፣ ጋሼ ጉማሬ ስለ እርስዎ ያሉትን ሰምተዋል?» አለ።

«አልሰማሁም፤ እሱ ግን ይኸው ከእግሬ ሥር ነው፤ እሱም እየሰማ ንገረኝ» አለችው።

ጉማሬም ጆሮዎቹን ከውኃው አወጣ። ቁራ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ተመለከተ። ከዚያ በዘጌ በኩል ጉዳይ እንዳለበት አስታወሰና ተነሥቶ በረረ።