ለባለ ፈረስ ጸጉሩ ጠበቃ የቀረበ ውዳሴ

ነፍስ በማጥፋት የተከሰሰ ሰው በሚዳኝበት ችሎት፣ ራሱ ላይ የፈረስ ጸጉር ደፍቶ፣ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ከአንገቱ ሥር ሁለት ነጭ ጨርቆች አንጠልጥሎ የሚቆም ሰው ባይኖር ኖሮ ፍትሕ ምን ይውጣት ነበር? እግዜር ይስጣቸውና እንግሊዞች ቀድመው አስበውበታል። በእንግሊዝና በዌልስ ግድያን፣ አስገድዶ መድፈርን፣ በመሣሪያ የሚፈጸም ዝርፊያን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ይዞ ክራውን ኮርት በሚባለው ፍርድ ቤት የሚሟገተው፣ ባሪስተር የሚባለው ጠበቃ ይህን ዊግ የወረሰው ከዳግማዊ ቻርልስ ዘመን ነው። ያኔ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዊግ የጨዋ ሁሉ ጌጥ ነበር፤ መኳንንቱ በጊዜያቸው ጣሉት፣ ጳጳሳቱም ቆይተው ጣሉት፣ ጠበቃው ግን ልቡ የማይወላውል ነውና እስከ ዛሬ አላወለቀም። በ1822 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ለክብራቸው ስል) ራቨንስክሮፍት የተባለ የለንደን ዊግ ሠሪ ዱቄት መነስነስ የማያስፈልገው የፈረስ ጸጉር ዊግ ፈልስፎ በስሙ አስመዘገበ። የፍትሐ ብሔር ችሎቶች በ2008 ዊጉን ሲተዉ የወንጀል ችሎቱ አልተወም። የዕቃ ማስረከቢያ ውል የሚከራከር ሰው ራሱን ቢገልጥ ምን አለበት? ዕድሜ ልክ እስራት ሲመጣ ግን ያለ ፈረስ አይሆንም። ከሁሉ ልቤን የነካው ደግሞ ዊጉ በነተበና ባደፈ ቁጥር የባለቤቱ ክብር ከፍ ማለቱ ነው። ነጭና አዲስ ዊግ የደፋ ጀማሪ በአዛውንቱ ፊት ያፍራል፤ አዛውንቱ የሠላሳ ዓመት ላባቸውን እንደ ኒሻን ደፍተውት ይሄዳሉ።

ወደዚህ ማዕረግ የሚወስደው መንገድም ያኮራል። ባሪስተር ለመሆን ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን፣ ሚድል ቴምፕልና ኢነር ቴምፕል ከሚባሉት አራት ጥንታዊ የለንደን ማኅበራት ወደ አንዱ መግባት ግድ ነው፤ በማኅበሩም አዳራሽ ከታላላቆች ጋር እራት ይበላል። ድሮ የተበላው እራት ተቆጥሮ ነበር ማዕረጉ የሚሰጠው፤ ዛሬ ትምህርቱና ጉባኤው ቢታከልበትም እራቱ አልቀረም። በእኛ አገር ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ዜማና ቅኔ የተማረ የቆሎ ተማሪ ይህን ቢሰማ የዕውቀትን አቋራጭ ባለማወቁ ምንኛ ይቆጭ!

ደንባቸውን ደግሞ በትሕትና ከታክሲ ተራ ተውሰዋል፤ ስሙም እንዲያው የታክሲ ተራ ደንብ ነው። ችሎታውና ጊዜው ያለው ባሪስተር ደንበኛ አይመርጥም፤ አገር ሁሉ የጠላውን ተከሳሽ እንኳ አልጭንም አይልም። ተራ አስከባሪው ክለርክ ይባላል፤ ሊመሰገን የሚገባው የሌሊት እንቅልፍ ጠላት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይደውልና ሌላው ባልደረባ የያዘው ክርክር ስላላለቀ ነገ ጠዋት ሌላ ከተማ በሚጀመር ከባድ ጉዳይ እርስዎ ይተኩ ይላል። ባለ ጉዳዩ ዓመታት የጠበቀው፣ በሺሕ የሚቆጠር ገጽ ያለው መዝገብ በአንዲት ሌሊት ይነበባል፤ ለረጅሙ ጥበቃ አጭር ንባብ መሸለሙ ሚዛን የሚጠብቅ ሥርዓት ምልክት ነው።

ጎህ ሳይቀድ ባቡር ተሳፍሮ ከፍርድ ቤቱ የደረሰው ባሪስተር የሚገጥመውን ትዕይንት ስገልጽ ብዕሬ በደስታ ይንቀጠቀጣል። ተከሳሹ ገና ከማረሚያ ቤት እየመጣ ነው፤ መኪናው ዘግይቷል፤ ዓቃቤ ሕጉ የካሜራውን ቅጂ ይዟል፣ ቅጂው ግን አይከፈትም፤ አስተርጓሚ ታዝዞ ይሁን ሳይታዘዝ የሚያውቅ አልተገኘም (የአማርኛ ተናጋሪ ተከሳሽ ከሆነ፣ በዚያች ጠዋት በለንደን ከእሱ ይበልጥ ተፈላጊ ቋንቋ ያለው ሰው የለም)። እንዲህ ሆኖ ሁሉም ተሟልቶ ቢመጣ ደግሞ የሥርዓቱ ረቂቅ ጥበብ ይገለጣል፦ ጉዳዩ ተቀጥሯል፣ ችሎት ግን አልተሰጠውም። «ተንሳፋፊ» ይሉታል። ከችሎቶቹ አንዱ በድንገት ባዶ ቢሆን እዚያ ያርፍ ዘንድ ኮሪደር ላይ ይንሳፈፋል፤ አብረውትም ምስክሮቹ፣ መርማሪው ፖሊስ፣ የተበዳይ እናት፣ ሁለቱ ባሪስተሮች ከነዊጋቸው ይንሳፈፋሉ። ከዚያው ኮሪደር ማዶ ተቆልፎ ባዶውን የሚውል ችሎት ቢኖር እንኳ ማንም አይደንግጥ፤ በዓመት ስንት ቀን ችሎት እንደሚዋል በበጀት ሲወሰን ኖሯልና፣ ክፍሉም እንደ ሰው ዕረፍቱን ይወስዳል። ወደ ማምሻው ዳኛው ጠርተው በእንግሊዞች ብቻ በሚገኝ ጨዋነት ይቅርታ ይጠይቁና ሌላ ቀን ይቀጥራሉ።

ምን ያህል ሌላ ቀን? እኛ ቀጠሮ የብቻችን ቅርስ ይመስለን ነበር። በ2019 መጨረሻ በክራውን ኮርት ውሳኔ የሚጠብቀው ጉዳይ 38 ሺሕ ገደማ ነበር፤ የኮሮና ወረርሽኙም፣ የጠበቃና የዳኛ እጥረቱም፣ የችሎት ቀን ቁጠባውም በአንድነት ተጋግዘው በ2025 ከ75 ሺሕ በላይ አደረሱት። ታሳሪው ቅድሚያ ስለሚያገኝ፣ በዋስ ያለው ተከሳሽ ክርክሩ ለ2029 የተቀጠረበት ጊዜ አለ። ለአገራችን ሰው የማጽናኛ ቃል አለኝ፤ በእኛ አቆጣጠር 2021 ስለሆነ ብዙም አይርቅም።

ይህ መዘግየት ለእውነት የሚያደርገውን ውለታ ብዙዎች አላስተዋሉም። ምስክር ባየ በማግሥቱ ቢናገር ቃሉ ጥሬ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ትዝታው እንደ ጠጅ ተጠንስሶ፣ ተጣርቶ፣ የመኪናው ቀለም ከነጭ ወደ ግራጫ በስሎ ይቀርባል። ባሪስተሩም መስቀለኛ ጥያቄውን በዚያ ላይ ያሳርፋል። ተበዳይዋ ታክቷት «ይቅርብኝ» ብላ ከሄደች ደግሞ ጥያቄውም አያስፈልግም። አንዳንዴም ተከሳሹ ሁሉ ነገር በተሰናዳበት ጠዋት ተነሥቶ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፤ በመጀመሪያው ቀን ብሎት ቢሆን ከቅጣቱ አንድ ሦስተኛ ይቀነስለት ነበር፣ ዛሬ አንድ አሥረኛ ድረስ ይቀነስለታል። ሥርዓቱ ዘግይቶ የመጣን ሰው ባዶ እጁን አይሰድም።

ከባሪስተሩ ካባ ጀርባ፣ ትከሻው ላይ፣ አንዲት ትንሽ ኪስ ትንጠለጠላለች። ጥንት ለጠበቃ ገንዘብ ማየት ነውር ነበርና ደንበኛው ከኋላ ሹልክ አድርጎ ይጨምርባት ነበር ይባላል። መንግሥት ለደሃ ተከሳሽ የሚከፍለውን የጥብቅና ዋጋ ሲቆርጥና ሲያቆይ ይህንኑ የጥንት ጨዋነት እየጠበቀ መሆኑን ያልተረዱ አሉ፤ የወንጀል ባሪስተሮች ማኅበር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የጀማሪዎቹ መካከለኛ ገቢ በዓመት 12,200 ፓውንድ ነው ሲል አማሯል። ሰር ክሪስቶፈር ቤላሚ መንግሥት ራሱ አዝዞ ባስጠናው ጥናት በ2021 ክፍያው ቢያንስ በ15 በመቶ ሳይዘገይ ይጨመር አሉ፤ «ሳይዘገይ» መባሉን መንግሥት በጥሞና ለማሰላሰል ጊዜ ወሰደ። በ2022 ባሪስተሮቹ ካባና ዊጋቸውን እንደለበሱ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ወጥተው ሥራ አቆሙ፤ ጥቅምት ላይ ነገሩ በስምምነት አለቀ። እነዚያን ያደፉ ዊጎች ፀሐይ ያገኘቻቸው በዚያ ዓመት ነው።

ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ አልልም። በለንደን የሚገኘው ሃሮ ክራውን ኮርት ጣሪያው ሊደረመስ በሚችል ኮንክሪት የተሠራ መሆኑ ታውቆ በ2023 ተዘጋ፤ ሌላውም ቦታ ዝናብ ሲጥል ባልዲ ያቀርባሉ። ለዚህ የቆየ መፍትሔ አላቸው፦ በ1750 ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የለንደን ፍርድ ቤት ከእስረኞች የተነሣ ተስቦ ዳኞችንና የለንደንን ከንቲባ ሲጨርስ፣ ዳኞች ሽታውን የሚያባርር እቅፍ አበባ መያዝ ለመዱ። ዛሬም በተወሰኑ ቀናት አበባውን ይዘው ይገባሉ። ጣሪያው ሲያፈስም እንዲሁ ተስማሚ አበባ እንደሚገኝለት አልጠራጠርም።

የእኛ አባቶች ከዋርካ ሥር ቆመው «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ፣ መንገደኛውን ሁሉ ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። ሁኔታው ያሳዝናል። ዊግ የለም፣ ተንሳፋፊ የለም፤ ዋርካውም አያፈስ እንደሆነ ማን ያውቃል። መንገደኛውን በዳኝነት የማስቀመጡን ልማድ ግን እንግሊዞችም ጁሪ ብለው 12 ሰው እያሰባሰቡ ይዘውት ኖረዋል፤ መንግሥታቸው ግን በ2025 መጨረሻ ከሦስት ዓመት የማያልፍ እስራት የሚያስከትሉ ብዙ ጉዳዮችን ያለ ጁሪ ዳኛ ብቻውን ይይ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ወረፋው የረዘመው 12ቱ ወንበር ስለያዙ መሆኑን በመጨረሻ ማስተዋሉን አደንቃለሁ።

ባሪስተራችን ወደ ችሎት ተጠርቷል። ዳኛው ከልብ አዝነው የ2029ን ቀን ይነግሩታል፤ እሱም ማስታወሻውን ገልጦ ይጽፋል። ክለርኩ በዚያው ሰዓት በስልክ፣ ያ ቀን ሌላ ከተማ ባለ የዝርፊያ ጉዳይ ቀድሞ የተያዘ መሆኑን ይገልጽለታል። ባሪስተሩ ዊጉን አስተካክሎ «እጅግ አመሰግናለሁ፣ ክቡር ዳኛ» ብሎ እጅ ነሥቶ ይወጣል።