መርፌ ምን በደለች?

ሰው ብዙ ሲኖር ብዙ ያያል ይባላል፤ እኔ ግን ይህን ሳላይ ብሞት ምንም አይቀርብኝም ነበር። የልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ መጋረጃዋን በካውያ ሠራች! መርፌ የለ፣ ክር የለ። «አባባ፣ አሁን እኮ ስፌት አያስፈልግም» አለችኝ፤ መርካቶ በረንዳ ላይ ሲንጀር እየረገጥኩ እናቷን ያስተማርኩትን ሰውዬ። እናቷስ ብትሆን? ልጇን ትቆጣልኛለች ብዬ ዘወር ብል «ዘመኑ ነው እንግዲህ» ብላ ቡናዋን ትወቅጣለች።

ለማያውቅ ልንገረው። ከሱቅ እጅግ ስስ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥብጣብ በጥቅል ይሸጣል። የጨርቁን ጠርዝ አጥፈህ ጥብጣቡን በእጥፋቱ መሀል ታስገባለህ፤ በላዩ እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርግና በጋለ ካውያ ትጫነዋለህ። ጥብጣቡ ይቀልጥና ጨርቁን ያጣብቀዋል። ከላይ በኩል ደግሞ ጥርስ ያላቸው ቀለበቶች ነክሰው ይይዙታል፤ ቀለበቶቹ በብረቱ ላይ ይንሸራተታሉ። አለቀ፤ መጋረጃ ነው ይሉሃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ መጣበቁ አይደለም። ከመጋረጃ ሥራ ውስጥ መርጠው መርጠው የሸሹት ቀላሉን መሆኑ ነው! የመጋረጃ ስፌት ምን አለው? እጅጌ የለው፣ ኮሌታ የለው፣ ኪስ የለው። ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ለማጅ እንኳ እግሩ ፔዳሉን እስኪላመድ የሚሰጠው ሥራ ይኸው ነው። ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1851 የመኪናውን የፈጠራ መብት ካወጣ ጀምሮ ይህን ሥራ ብረቱ ይሠራዋል፤ ሰው የሚያዋጣው እግሩን ብቻ ነው። ጭንቁ ያለው መለካቱ፣ ማጠቡ፣ መቁረጡ ላይ ነው። ከነዚህ አንዱንም አልቀነሱም። ምስኪኗን መርፌ አባረው ድካሙን በሙሉ ቤት አስቀሩት።

መለካቱን ብቻ ስሙኝ። ልጅቷ መስኮቱን በስልኳ ካሜራ ለካች። በስልክ! እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እያየኋት! ስልኩ አንድ ሜትር ተኩል አላት፤ ሄዳ አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ገዝታ መጣች። «መስኮቱን ልክክ ይላል» ትላለች። ልክክ የሚል መጋረጃ የት ታይቷል? ተዘግቶም ቢሆን እጥፍጥፍ ማለት አለበት። የጨርቁ ስፋት ቢያንስ የመስኮቱ አንድ ተኩል እጥፍ፣ እጅ ካላጠረ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይሁን። ብረቱም በግራና በቀኝ ከመስኮቱ አለፍ፣ ወደ ላይም ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ አለዚያ ብርሃኑ በጎን ይገባል።

ተመልሳ ሄደች። ነጋዴው ደስ ብሎት 2.80 ሜትር ስፋት ያለውን ስስ ነጭ ፖሊስተር ሸጠላት። እውነት ለመናገር ይኼ የሚመሰገን ጨርቅ ነው፤ ስፋቱ ቁመት ሆኖ ሲሰቀል ፋብሪካው የጨረሰው ዳር ከታች ይውላል። ልኩ ከገጠመ መስፋትም መለጠፍም አያሻውም። ብነግራት ማን ሰምቶ! ጥብጣቡን ገዝታዋለቻ፤ የሆነ ነገር መለጠፍ አለባት። ካውያውን እስከ መጨረሻው አግላ ብትጭነው ጥብጣቡም ጨርቁም አብረው ቀለጡ። መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክሪ ብዬ ነበር። የቀለጠው ሁሉ ካውያው ሆድ ላይ ተለጥፎ ቀረና በማግስቱ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዜ ኮሌታ ላይ ተገኘ። ማን ሊከፍለኝ ነው?

የዳነው የጨርቁ ክፍል ተሰቀለ። ቀን ቀን ማለፊያ ነው፤ ከውጭ አያሳይም። ማታ መብራት ስታበራ ግን ጉድ ፈላ፤ ስስ ጨርቅ በሌሊት የቤት ውስጥ ብርሃን ካለ ሁሉን ያወጣዋል። ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ እራታችንን ቆጠረው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግብር ሲያበሉ፣ እሳቸው በሚመገቡበት ጊዜ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ መጋረጃው ተገልጦ ሠራዊቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የንጉሥ ጉርሻ ከዓይን በሚሸሸግበት አገር የእኔ ሽሮ ለኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ይታይ?

እንግዲህ ከኋላው ወፍራም ጥጥ ይደረብ ተባለ። የጥጥ ጨርቅ ደግሞ ሳይታጠብ አይቆረጥም፤ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባልና ወለል ድረስ የነበረው መጋረጃ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቁምጣ ይሆናል። ነከርን፣ አሰጣን። መለካቱና መቁረጡ የእኔ ሆነ። ከጨርቁ አንድ ክር ሳብ አድርጎ ማውጣት፣ ከዚያ ክሩ ለቆት የሄደውን ቀጭን መንገድ በመቀስ መከተል ነው፤ ዓይን ይዋሻል፣ ክር ግን አይዋሽም። ልጅቷ ይህን አይታ በስልኳ ቀረጸችኝ። ከፈይ አለመግዛቷን አመሰገንኩ፤ ካውያ የከፈይን ጠጉር አስተኝቶ ነበር የሚያስቀረው።

ከዚያ መለጠፉ መጣ። ይህ ልብስ እንደ መተኮስ አይደለም፤ ካውያው አይገፋም። ይጫናል፣ ይቆያል፣ ይነሳል፣ ቀጥሎ ያለው ላይ እንደገና ይጫናል። ሳይቀዘቅዝ ከነካኩት ይላቀቃል። ይህን ሁሉ ጠርዝ በዚህ አኳኋን! እኔ ተቀምጬ፣ አቦል ሳይወርድ የምጨርሰውን እሷ ጎንበስ ቀና ስትልበት አመሸች። ግማሹ ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ሲንጀር መብራት እንደማይጠይቅ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ደጋግሜ አልተነፈስኩም፤ ጎረቤት እስኪሰማ አልተነፈስኩም።

ደግሞስ ሳይሰፉ መጋረጃ መሥራት ምኑ ነው አዲስ? እኔ በወጣትነቴ አንድ ክፍል ስከራይ አልጋውን ከእንግዳ የሚለየው በሁለት ምስማር መሀል በተወጠረ ሲባጎ ላይ የተጣለ አንሶላ ነበር። ስንቱ ሙሽራ ከዚያ ኋላ ኖሯል፣ ስንቱ ልጅ ከዚያ ኋላ ተወልዷል። ማንም ግን ጎረቤት ጠርቶ «ኑ እዩልኝ፣ አልሰፋሁትም» አላለም።

እሷ ግን ጠራች። ሴቶቹ ቡና ሊጠጡ መጥተው እየዳሰሱ «ማን ሠራልሽ?» ሲሉ «እኔው ራሴ፣ ያውም ሳልሰፋ!» አለች። የለካው ማን ነው? የቆረጠው ማን ነው? ጥግ ተቀምጬ ብጉረመረም አንዷ «አባባ ቡና ይጨመርልዎት?» አለችኝ እንጂ ስሜ አልተነሳም። መጋረጃው ደግሞ፣ ይበልጥ የሚያበሽቀኝ፣ አምሮበታል።

ትናንት ደወለች። «አባባ፣ የታች ቤቷ ሴትዮ ጨርቅ ገዝታለች። እርስዎ ለክተው ይቁረጡልን፣ እኔ እለጥፋለሁ። ሜትርዎን እንዳይረሱ!»

ሜትሬን? ባለፈው ወስዳ መቼ መለሰችና!