ጦጣና ሒሳብ

ጃንግል ጂምን ታውቁታላችሁ፤ ያ የልጆች መጫወቻ ቦታ መሀል የሚተከለው፣ ፎቅ ሊሠራ ተጀምሮ ገንዘብ ያለቀበት የሚመስል የብረት መወጣጫ። ስሙ «የጫካ ጂም» ማለት ነው። ጂሙስ ይሁን፤ እኛ በየወሩ ከፍለን የምንለፋበትን ልጆቹ በነፃ ይሠሩታል። ጫካው ግን ከየት መጣ? ቅጠል የለው፣ ጥላ የለው!

የመጣው ከጦጣ ነው። ሰባስቲያን ሂንተን የሚባል የቺካጎ የፓተንት ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1920 ለመወጣጫው የፈጠራ መብት ሲያመለክት፣ ልጆች ጫካ ውስጥ እንዳሉ ጦጣዎች ይንጠላጠሉበታል የሚል ሐሳብ ጽፏል። (ስሜን ተራራ ወስዶ ጭላዳ የሚያሳየው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ «ገደል ጂም» እንል ነበር። ጭላዳ ቀን ሣሩን ሲግጥ ይውላል፣ ማታ ገደል ላይ ያድራል፤ ዛፍ ጉዳዩም አይደለ።)

ነገሩ ሲቆፈር ግን ከጦጣው ሥር ሒሳብ ይወጣል። የሰባስቲያን አባት ቻርልስ ሃዋርድ ሂንተን የሒሳብ ሊቅ ነበር። ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ ሌላ አራተኛ ዳይሜንሽን አለ ብሎ የተነሣ ሰው! ሰዎች አራተኛው የማይታያቸው ሦስቱን በልጅነታቸው በደንብ ስላልተማሩ ነው ብሎ፣ ጃፓን ሳሉ ለልጆቹ በቀርከሃ መወጣጫ ሠራላቸው። «ሁለት፣ አራት፣ ሦስት!» ብሎ ይጠራል፤ ልጆቹ በርዝመት ሁለት፣ በስፋት አራት፣ በከፍታ ሦስት ቆጥረው ያቺን መጋጠሚያ ለመንካት ይሽቀዳደማሉ። (ይኸው አባት እ.ኤ.አ. በ1897 ለፕሪንስተን ቤዝቦል ተጫዋቾች ኳስ በባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ ሠርቷል። ልጆቹን በቀርከሃ ብቻ ማለፉ ተመስገን ነው።)

ሰባስቲያን አድጎ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ይህን ሲያወራ የዊኔትካ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ካርልተን ዋሽበርን ሰማውና «ሥራው እንጂ!» አለው። ተሠራ። መንጠላጠሉ አገር ላገር ዞረ፤ ሒሳቡ እዚያው ጃፓን ቀረ።

እኔ ግን ሒሳቡ አሳዘነኝ። ባለፈው ሰሞን መናፈሻ ገብቼ፣ እንደ ዝንጀሮዋ በቅድሚያ መቀመጫዬን ካመቻቸሁ በኋላ፣ ብረቱ ጫፍ ላይ ለተሰቀለችው ልጄ «ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት!» ብዬ ጮኽኩላት።

ቁልቁል አየችኝ። «አባዬ ደሞ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው የሚባለው!»