ሰበቡ ለባለቤቱ፣ ቁስሉ ለፈረሱ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ትላለህ። እውነት ነው፣ ያደርሳል። በቢሾፍቱ ተማሪ አድርሷል፣ በሞጆ ሲሚንቶ አድርሷል፣ በሻሸመኔ ድንች በኩንታል አድርሷል። አንተስ እሱን የት አደረስከው? ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል፣ ጀርባው ላይ ዝንብ ሰፍሯል፤ አንተ ደግሞ ለያንዳንዱ ቁስል አንድ አንድ ሰበብ አዘጋጅተሃል። እስቲ ሰበብህን አምጣ፣ መልሱን ከእኔ ውሰድ። ተረብ ነው ብለህ መሳቅ ትችላለህ፣ እኔ ግን የምለው ከልቤ ነው። በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ። አብዛኛውን የሚያሠቃየው መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ አይደለም፤ በአንድ ባልዲ ውኃ፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ በሰዓቱ በተጠራ ሐኪም የሚቀር ነገር ነው።

«በሥራ መሃል ውኃ ካጠጣሁት ሆዱን ይቆርጠዋል።»

አንተ በቀትር ፀሐይ ስትጠማ ሆዴን ይቆርጠኛል ብለህ እስከ ማታ ትታገሣለህ? ፈረስ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ቀን እንኳ ከ25 እስከ 50 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ጋሪ እየጎተተ በዋለ ቀን ከዚያ በላይ ነው። ላቡ ከሰው ላብ ይልቅ ጨው ስለሚበዛበት ውኃውና ጨው አብረው ይወጣሉ፤ በዚህ ምክንያት ሰውነቱ ደርቆም ጥማቱ በደንብ ላይሰማው ይችላል። «አቀረብኩለት፣ አልጠጣም» ብለህ ባልዲውን የምታነሣው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቆይተህ እንደገና አቅርብለት። ደረቅ ጭድ በደረቀ አንጀት ውስጥ ሲጋገር ነው ሆዱን የሚቆርጠው፤ አንተ የወነጀልከው ውኃ ከዚህ ነገር ነጻ ነው። ሲጋልብ ቆይቶ እያለከለከ ከሆነ ትንፋሹ እስኪረጋ በእግር አንሸራሽረው፣ ጥቂት ይጎንጭ፣ ደግሞ ይጨመርለት። ተራ በምትጠብቅበት ቦታ ሁሉ አንድ ባልዲ ይኑር፤ አሥር ባለ ጋሪ አዋጥቶ አንድ በርሜል መግዛት አያቅተውም። አሞሌ ጨውም በረቱ ውስጥ ይቀመጥለትና ሲያሻው ይላሰው።

ውኃ መጠማቱን እንዴት አውቃለሁ ካልከኝ፣ እጅ አለህ። ድዱን በአውራ ጣትህ ተጭነህ ልቀቀው። የነጣው ቦታ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መልኩ ካልተመለሰ ፈረስህ ደህና አይደለም።

«ማታ አንድ ቁና ገብስ እሰጠዋለሁ፣ ቀን ምን ይሁን ብሎ ነው የሚበላው?»

ሆዱን አይተህ አትፍረድ። ያ ትልቅ ሆድ አብዛኛው አንጀት ነው፣ ጨጓራው ግን የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ነው። ፈረስ የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየጋጠ እንዲውል ነው። ቀኑን አስርበኸው ማታ እህል ስትከምርበት ያደላህለት ይመስልሃል፣ ለእሱ ግን አደጋ ነው፤ ያልተስማማውን አስታውኮ እንዳይገላገል ፈረስ ማስታወክ አይችልም። የገባው ሁሉ መውጫው በአንድ በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድርቆሽ ወይም ሣር፣ ከዚያ ገብሱና ፉርሽካው ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠው። ቀን ደግሞ ተሳፋሪ እስክታገኝ አፉ ላይ ሣር ያለበት ከረጢት ብታንጠለጥልለት ከገቢህ የምታጣው ነገር የለም።

«የጎደለውን ከቆሻሻ ገንዳ ይለቃቅማል» የምትለዋን ግን አላልፋትም። ከገንዳው የሚለቅመው የሙዝ ልጣጩን ከነፌስታሉ ነው። ፌስታል አይፈጭም፣ አይሟሟም፤ አንጀቱን ይዘጋዋል። ፈረስ ደህና በሆነበት ቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ፋንድያ ይጥላል። ፋንድያው ከቀረ፣ ፈረሱ እየዞረ ጎኑን ካየ፣ መሬቱን በፊት እግሩ ከጫረ፣ ከተንከባለለና ካላበው፣ ያ የሆድ ቁርጠት ነው፤ ሐኪም የሚጠራው በዚያው ሰዓት ነው። አረቄና ዘይት በጠርሙስ እያንቆረቆርክ ጊዜ አታጥፋ፤ ሳንባው ከገባ ቁርጠቱ ያልገደለውን አንተ ትገድለዋለህ።

«ፈረስ ቆሞ ነው የሚተኛው፣ ሰፊ ቦታ ምን ያደርግለታል?» ቆሞ ያንቀላፋል። ጥልቁን እንቅልፍ የሚያገኘው ግን ተጋድሞ ነው። ድንጋይ በሞላበት ወይም ጭቃ በሆነ ጠባብ ጥግ ካሠርከው ሳይጋደም ያነጋል፣ ጠዋት ያንኑ እንቅልፍ ያጣ ፈረስ ትጠምዳለህ።

«ዳተኛ ነው፣ ካልገረፍኩት አይንቀሳቀስም።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ከጅራፉ በፊት ጋሪህን እየው። ኩሽኔታው ግራሶ ካየ ስንት ጊዜው ነው? ጎማው ተነፍቷል? ጭነቱን ወደ ፊት ከምረህ ሸክሙ በሙሉ ጀርባው ላይ ወድቆ ይሆናል፤ ወደ ኋላ አብዝተኸው ከሆነ ደግሞ ቀንበሩ ወደ ላይ ተነሥቶ የሆዱ ጠፍር ብብቱን ይሰነጥቀዋል። ሚዛኑን የጠበቀ ጋሪ ፈረሱ ሲቆም በሁለት እጅህ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ሞክረው። ደረቱ ላይ የምታስረው ነገር ደግሞ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ናይለን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል። ከኮርቻው ሥር ማዳበሪያ ከረጢት አጥፈህ አታስገባ፤ ላብ አይመጥም፣ ይልጣል። ጥጥ ጨርቅ አድርግ፣ ማታ እጠበው፣ ፀሐይ ላይ አስጣው። ጀርባው ላይ እዚህም እዚያም የበቀለውን ነጭ ፀጉር «መልኩ ነው» ብለህ ለገዢ ታሳይ ይሆናል። ኮርቻ ያቆሰለው ቆዳ ሲድን ነው ፀጉሩ ነጥቶ የሚበቅለው፤ ፈረስ የሚያውቅ ገዢ ያንን አይቶ ስላንተ ብዙ ያውቃል።

የቆሰለ ፈረስ ይረፍ። ይህን ስልህ ፊትህ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፣ ያንድ ቀን ሥራ ቀረ ማለት ያንድ ቀን እንጀራ ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ዛሬ በሦስት ቀን ዕረፍት የሚድነው መላጥ፣ ስትጭንበት ከርሞ ወር የሚያስተኛ ቁስል ይሆናል። አፍልተህ ባቀዘቀዝከው አንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረህ እጠበው። ከጋራዥ ያመጣኸው የተቃጠለ ዘይት ለሞተርም አልሆነም ተብሎ የተጣለ ነው፣ ለቁስል እንዴት ይሆናል?

«እባጩን በጋለ ብረት ተኮስኩለት፣ አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።»

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንነጋገር፤ የጋሪ ፈረስን በየከተማው የጨረሰው ነገር ይህ ነውና። እግሩ፣ ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ እንደ ዶቃ ተሰድሮ የሚወጣው፣ ከዚያ እየፈረጠ መግል የሚያዠው እባጭ ስሙ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ነው። የሚያመጣው ፈንገስ ነው። በብርዳማው ደጋ እምብዛም አይታይም፤ ሞቅ ብሎ እርጥበት ያለበት ወይና ደጋ፣ ጋሪ የሚበዛበት ከተማ ይስማማዋል። ጤነኛ ቆዳ አይበሳም፤ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ዝንብ ካንዱ ቁስል ወደ ሌላው ታደርሰዋለች፣ የተዋሱት ኮርቻ ያደርሰዋል፣ ያንዱን ቁስል የጠረግህበት ጨርቅ ያደርሰዋል። አሁን ብረትህን እንመርምረው። በሽታው የሚሄደው ከቆዳ ሥር ባሉ የሊምፍ ሥሮች ነው፣ አንተ የምታቃጥለው ላዩን ነው። ለአንድ እባጭ ብለህ አምስት አዲስ ቁስል ከፈትክለት፣ ለዝንቧም አምስት ተጨማሪ በር። በጅምሩ የደረሰ ሐኪም በአዮዳይድ መድኃኒት የሚያድነው አለ፤ ሕክምናው ረጅም ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በሰውነቱ ሁሉ ከተሰራጨ በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል። የአባቶችህን ነገር ካነሣህ፣ ፈረሳቸውን ጋልበው ማታ መስክ ላይ ይለቁት ነበር። እሱን ለምን አልወረስክም?

«ቡዳ በላው። ማታ ደህና ነበር፣ በነጋታው አረፋ ደፍቆ ሞተ።»

ጎረቤትህን ተዋት፤ ምንም አላደረገችም። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ባፍንጫው አረፋ ከወረደ፣ ይህ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። ቫይረስ ነው፣ የምታስተላልፈውም በዓይን በጭንቅ የምትታይ ደም መጣጭ ትንኝ ናት። ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች፤ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ውኃ ባቆረበት ቦታ ትበዛለች። አንዴ ከያዘው የሚያድነው መድኃኒት የለም። ክትባት ግን አለ፣ የሚያመርተውም ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው፣ ያለውም ቢሾፍቱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው «ሩቅ ሆነብኝ» ቢለኝ እሰማዋለሁ፤ የቢሾፍቱ ባለ ጋሪ ቢለኝ ግን መልሴ አጭር ነው፤ ፈረስህ መንገዱን ያውቀዋል፣ በሩ ላይ በየቀኑ ያልፋል።

ሰኮናን በተመለከተ «ድንጋይ ነው፣ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። ድንጋይ አያድግም፣ ሰኮና ግን በወር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ያድጋል። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ካልተከረከመ እግሩን ያጣምመዋል። ማታ ማታ ጠጠሩንና ጭቃውን ጫርለት፤ ምስማር ወግቶት ካገኘህ መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው ስለሚችል ለሐኪም አሳየው። ጥርሱንም ዕድሜ ለመገመት ገበያ ላይ ብቻ አትየው። የፈረስ ጥርስ በየዓመቱ ከድድ እየወጣ ይሞረዳል፣ ዳሩ ሹል ሲሆን ጉንጩን ይቆርጠዋል። ግማሽ የታኘከ ሣር ከአፉ ከጣለ ሐኪም በሞረድ ያስተካክልለት፤ አንተ ግን «አይበላም፣ አመለኛ ነው» ብለህ ትሰድበዋለህ።

«ፈረሱ የኔ አይደለም፣ በቀን ሒሳብ ነው የምነዳው።»

ይህን የሚለኝ አብዛኛውን ጊዜ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ነው፣ እውነቱንም ነው። እሱ ማታ የሚያስረክበውን ብር ለማሟላት ይጋልባል፤ ባለቤቱ ብሩን እንጂ ፈረሱን አይቆጥርም። ስለዚህ መልሴ ለባለቤቱ ነው፤ ጌታው፣ ማታ ብሩን ስትቀበል ኮርቻውንም አንሥተህ ጀርባውን እይ። ልጁን የዕለቱ ሒሳብ ጎደለ ብለህ ከተቆጣህ፣ ፈረሱን ሳያጠጣ መለሰው ብለህም ተቆጣ። ያኔ ልጁ ለሁለቱም መጠንቀቅ እንዳለበት ይገባዋል።

ተሳፋሪውም «እኔ ምን አገባኝ» አይበለኝ። ዳገቱ ላይ ወርደህ በእግርህ ብትወጣ ይህ ያንተ ሕክምና ነው፣ ለፈረሱ የሰጠኸው። እትዬ፣ እርስዎ ግን ይቀመጡ፤ ወጣቶቹ ይውረዱ።

«እኛ የጉግስ ሰዎች ነን፣ ፈረስን ከጥንት ጀምረን እናከብራለን።»

ደስ ይለኛል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኛ ፈረሱን አስጊጦ ሲወጣ አይቶ ልቡ የማይሞላ ሰው የለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፤ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ያንተ ፈረስ ስሙ ማን ነው? ለበዓሉ ያሠራህለት የአንገት ጌጥና መጣብር ያምራል፤ ግን ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ቀስ በቀስ ሳታለማምደው፣ ከርሞ ከቆመበት አውጥተህ በአንድ ቀን ሽምጥ ካስጋለብከው፣ ጡንቻውም ልቡም አይችሉልህም። የቆመ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከመንጋጋው ሥር ባለው ደም ሥር ላይ ጣትህን አሳርፈህ ቁጠር፤ ከግልቢያ በኋላ አርፎም ወደዚያ ካልወረደ የዕለቱ ጉግስ ለእሱ አብቅቷል፣ ሕዝቡ ምንም ያህል ቢያጨበጭብ።

የመጨረሻው ሰበብ ከሁሉም ይከብደኛል። «አርጅቷል፣ አልሠራ አለኝ፣ ለቀቅኩት። ፈጣሪ ያውቅለታል።»

ፈጣሪ ለአንተ ሰጥቶህ ነበር። አሥር ዓመት ያደረሰህን እንስሳ በምሽት ወስደህ አስፋልት ዳር ትተህ ስትመጣ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለህ፤ ወይ መኪና፣ ወይ ጅብ። ጅቡም ሞቶ እስኪወድቅ አይጠብቀውም። መኪናውም ብቻውን አይገለበጥም፣ ውስጡ ሰው አለ። አቅሙ ገና ሳያልቅ ለቀላል ሥራ ለገበሬ ሽጠው። መሸጥ ካልሆነና የሚድን ካልሆነ፣ የእንስሳት ሐኪም ያለ ሥቃይ ሊያሳርፈው ይችላል፤ ይህንን መጠየቅ ኃጢአት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ እኔ ግን በቁሙ ለጅብ ከመስጠት ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም። ብሩክና ስፓናን የመሳሰሉ ድርጅቶች በአገራችን የሚሠሩት ለእንዲህ ዓይነቶቹ እንስሳት ነው፤ የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክም አለ። ጠይቅ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። ፈረሱን ስትለቀው ልጓሙን ፈተሃል፣ ኮርቻውን አውርደሃል፣ ለሚመጣው ፈረስ ብለህ ቤት አስቀምጠሃል። የተውከው ያ እባጭ ስላለበት ከሆነ፣ ፈንገሱ ከኮርቻው ጋር ቤትህ ገብቷል። የኮርቻውን ንጣፍና ጨርቅ አቃጥለው፤ ልጓሙንና ጠፍሩን በሳሙና እጠብ፣ በረኪና ባለበት ውኃ ዘፍዝፍ፣ ፀሐይ ላይ አድርቅ፤ አዲሱን ፈረስ ከገበያ የምታመጣው ከዚያ በኋላ ነው።